ቀን ጭነት፣ ማታ መኝታ
(ስለ ተሳቢው በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላትና ለደጋፊዎቻችን ሲባል በጽሑፍ የቀረበ)

 

ሰብሳቢያችን እንድናገር ያዘዙኝ ስለዚያ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በፊት በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ዕቃ ይጫንበት የነበረ፣ አሁን በከተማችን አንድ ግቢ ውስጥ ሥሩ ሣር በቅሎበት የቆመው ነው። ባለቤቱ «ለተደራጁ ሴቶች ከሆነ ዋጋ ቀንሼ እሸጣለሁ» ብለዋል። ሐሳቡን ያመጡት አባሎቻችን ደግሞ «ገዝተን እናሠራው፤ ቀን ዕቃችንን ይጫንልን፣ ማታ ከነልጆቻችን እንደርበት» ብለው ጠይቀዋል። እኔ በያጅም መካኒክም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገሩን የማየው በኪሎና በብር ነው። ስለ ብረቱና ስለ ፍሬኑ የምናገረውን ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬ፣ ሁለት በያጆችና አንድ የቆዩ የጭነት መኪና ሹፌር ጠይቄ፣ ያነበብኩትንም ጨምሬ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ በተለይ ለደጋፊዎቻችን ላስረዳ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በገበያ ነው። ከነቀምቴ ተነስተው ሲሬና ባኮ፣ አርጆ፣ ግምቢ፣ ሻምቡ ይሄዳሉ። በርበሬ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ልብስ፣ የቤት ዕቃ ይዘው ነው የሚሄዱት። ገበያው በጠዋት ስለሚጀምር በዋዜማው ደርሶ ማደር ግድ ነው። ለዕቃው የአይሱዙ ጭነት ይከፈላል፣ ለራስ አልጋ ይያዛል፣ ዕቃውን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። ሦስቱንም መክፈል የማትችል እህት ጆንያዋን ተደግፋ በረንዳ ላይ ታድራለች። ሕፃን ልጅ ካላት ወይ አብሯት በረንዳ ላይ ያድራል፣ ወይ ለጎረቤት ይተዋል። እኔ የምመዘግበው ደረሰኝ ያለውን ወጪ ብቻ ነው። የዚህች እህት ሌሊት በየትኛውም መዝገቤ ላይ የለም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። በወለጋና በጊቤ አገር አፍቀላ የሚባሉት ነጋዴዎች በበቅሎና በአህያ ጭነው ተሰብስበው ይጓዙ ነበር። ሲመሽ ጭነቱን አውርደው፣ ድንኳን ተክለው፣ ዕቃቸው ዳር ያድራሉ። ጭነቱና መኝታው አንድ ቦታ ነው ማለት ነው። ዛሬ በቅሎዋ ቀርታ በቦታዋ መኪና ገባ እንጂ ችግሩም መፍትሔውም ያው ነው።

አንዱን ተሽከርካሪ ወደ ሌላ መቀየርም ቢሆን የእኛ ሰው የታወቀበት ሥራ ነው። ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ ተመልከቱ፤ አክስሉና ጎማው ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው። ቅጥቅጥ የምንለውን አውቶቡስ ደግሞ ሁላችንም ተሳፍረንበታል። ለጭነት የተሠራ የአይሱዙ ሻንሲ ነው፤ የአገር ቤት ጋራዥ ላሜራ ቀጥቅጦ አካል አበጀለት፣ ወንበር ገጠመለት፣ ስሙም ከመዶሻው ድምፅ ወጣ። (ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ።) ስለዚህ ተሳቢውን ቤት ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ፣ ይቻላል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከምን እንጀምር የሚለው ነው።

ባለፈው ስብሰባ ስለ መጋረጃው ቀለም፣ ስለ ፍራሹና ስለ መደርደሪያው ብዙ ተነጋግረናል። ስለ ፍሬኑ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ኤርስትሪም የተባለውን ከአሉሚኒየም የሚሠራ የመኖሪያ ተሳቢ ያስጀመረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ተነስቶ እስከ ካይሮ ድረስ አንድ ትልቅ ጉዞ መራ። 41 ተሳቢዎች ነበሩ፣ ተጓዦቹም ከመቶ በላይ ነበሩ፤ ቤተሰቦችና አዛውንቶች ሁሉ አሉበት። ጉዞው እስከ 1960 ቆየ፣ በኢትዮጵያም አለፈ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። ተሳቢዎቹ የዘመኑ ምርጥ ናቸው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ ሁሉ ነበራቸው። መንገዱ ግን የሰበረው ከሥር ያለውን ነው፤ አክስሉን፣ ባሌስትራውን፣ መጎተቻውን። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች አዲስ ተሳቢ ይዘው ያጋጠማቸው ይህ ከሆነ፣ እኛ አሮጌ ተሳቢ ይዘን የፒስታ መንገድ ላይ ስንወጣ ገንዘባችንን የት ማዋል እንዳለብን ግልጽ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኪሎው ልግባ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በታሰበው ልክ ሳጥኑ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1.80 ሜትር ስፋት፣ 1.80 ሜትር ቁመት ይኖረዋል። አራቱ ግድግዳና ጣራው ሲደመር ወደ 22.7 ካሬ ሜትር ላሜራ ይፈልጋል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሳጥኑ ብቻ 178 ኪሎ ይሆናል። አንደኛው በያጅ «ለጥንካሬ 2 ሚሊ ይሁን» አሉኝ። 2 ሚሊ ሲሆን 356 ኪሎ ይገባል። ልዩነቱ ወደ ሁለት ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል በርበሬ መጫን ስንችል ሁለት ኩንታል ብረት ጭነን በየገበያው ልንዞር ነው ማለት ነው፤ ብረቱን ደግሞ የሚገዛን የለም። ጥንካሬው ከላሜራው ውፍረት ሳይሆን ከውስጥ ከሚቆመው የቱቦላሬ አጽም ነው የሚመጣው። ሁለተኛው በያጅ በዚህ ይስማማሉ።

እንቀጥል። ቱቦላሬው 120 ኪሎ ገደማ፣ የወለሉ ኮምፔንሳቶ 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሻንሲው ከነአክስሉና ከነጎማው 200 ኪሎ እንበል፤ ከመግዛታችን በፊት በሚዛን ይረጋገጣል። ፍራሽና መደብ 40 ኪሎ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 40 ኪሎ። ገና አንድ ጆንያ ሳንጭን 640 ኪሎ ደርሰናል።

በአውሮፓ ሕግ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ በላይ እንዲሆን አይፈቀድለትም። ያንን መለኪያ ብንወስድ የሚቀረን 110 ኪሎ ብቻ ነው። ለአንድ ኩንታል ዕቃ ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ወይ ፍሬን እንገጥማለን፣ ወይ ሐሳቡን እንተወዋለን። ፍሬን ተገጥሞለት፣ አክስሉም የሚችል ሆኖ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ቢደርስ 860 ኪሎ ዕቃ መጫን ይቻላል። ለሦስት አባላት ሲካፈል ለእያንዳንዷ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ይህ ገበያ ያስኬዳል።

ፍሬን ስል የቅንጦት ነገር አድርጋችሁ አትዩብኝ። ከነቀምቴ ግምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ግን ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ወደ አንገር ጉተን በኩልም ቁልቁለት አለ። በቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለው ተሳቢ የፊተኛውን መኪና ከኋላ ይገፋዋል። የመኪናው ፍሬን ሁለቱን ሸክም ብቻውን ሲይዝ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን መርገጥ ዋጋ የለውም። ያነጋገርኳቸው ሹፌር አንድ ቃል ነው ያሉኝ፤ «ልጄ፣ ዴዴሳን የሚወርደው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው»።

ሁለተኛው የክብደት ጉዳይ ሚዛን ነው። ይህንን ከእኔ ይልቅ የጋሪ ነጂ ያውቀዋል። ሸክሙ ወደ ኋላ ካመዘነ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ጀርባውን ይጎዳዋል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መንጠቆ ላይ መዋል አለበት። ለ1,500 ኪሎ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው፤ የሚጎትተው መኪናና መንጠቆውም ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ ዓሣ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውን ይዞ የሚገለብጠውም ይኼው ነው። መለኪያው ደግሞ ቀላል ነው። የእህል ነጋዴ ባስኩላ ከመጎተቻው ጫፍ ሥር አድርጎ ማንበብ ነው። ከመነሳታችን በፊት ሁልጊዜ እንዲመዘን፣ ቁጥሩም በጉዞ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ከባዱ ጆንያ ወለል ላይ፣ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ። ልብስና ስፖንጅ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሁን። ጣራ ላይ ምንም አይጫን። ፖርቶ መጋላ ይሠራልን ያላችሁ ነበራችሁ፤ አይሠራም።

ስለ ጎማ ባጭሩ። ጎማው ጎን ላይ የሚችለው ክብደት በቁጥር ተጽፏል፤ 98 የሚል ከሆነ 750 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ለእኛ ከዚያ በታች አይሆንም፤ ከፍ ቢል ይሻላል። የተመረተበትም ጊዜ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ግቢ ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። ኩሽኔታው ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ በአዲስ ግሪስ ይታሸግ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ ይኑር። ድንጋይ ፈልጎ ታኮ ማድረግ ልማዳችን ነው፤ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ መሄድም ልማዳችን ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የውስጡን አሠራር እኔ የምደግፈው በእናቶቻችን መደብ አምሳል ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች ይሠራሉ። መካከላቸው 60 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይሆናል። ቀን ከመደቦቹ ሥር ስምንት ኩንታል ያህል ጆንያ ይገባል፣ መተላለፊያው ላይ ቀላል ዕቃ ይቆማል። ማታ መተላለፊያው ላይ ሳንቃ ሲጋደም ሁለቱ መደቦች ገጥመው 1.80 በ2 ሜትር የሆነ አንድ ሰፊ አልጋ ይሆናሉ። ሦስት እናቶች ከነሕፃናቶቻቸው ተጠጋግተው ይተኛሉ። ዕቃው ከሥራቸው ነው፤ ሌባ ቢመጣ እነሱን ሳያነሳ አያገኘውም። የቀረው አንድ ሜትር ለመቆሚያ፣ ለልብስ መቀየሪያና ለጀሪካን ነው። ከመተኛት በፊት ግን ተሳቢው በአራት ማዕዘኑ እግር ይተከልለት፤ አለበለዚያ ሁለት ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ አፍንጫውን ያነሣል።

በሩ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የጭነት ተሳቢ በር የተሠራው ዕቃ ለመቆለፍ ነው፤ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ ብቻ ነው። ዕቃ ውስጥ ሆኖ አይከፍትም። ሰው ሲያድርበት ግን የመጀመሪያው ሥራ ከውስጥ የሚከፈትና ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ መግጠም ነው፤ የውጭው መቀርቀሪያም ሰው ውስጥ እያለ ማንም መጥቶ ሊዘጋው እንዳይችል ተደርጎ ይለወጥ። በተጨማሪ በሌላኛው ግድግዳ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ የምትወጣበት መስኮት ይኑር። በሩ በእሳት ወይም በሰው ቢያዝ መውጫው እሱ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል የገባችሁ ይመስለኛል፤ ሴት ብቻዋን የምታድርበት ቦታ በር ማን እጅ ላይ እንዳለ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ቡና ማፍላትም፣ ለብርድ ማንደድም፣ «ፍሙ አልቋል፣ አመዱ ብቻ ነው» ብሎ ማስገባትም የለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ተዘግቶ በተተኛበት ቤት ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይሞታል፤ በአገራችን በየክረምቱ የምንሰማው ሐዘን ነው። የላሜራ ሳጥን ደግሞ ከጭቃ ቤት የበለጠ የታፈነ ነው። ቡናው ውጭ፣ ከኋላ በር ላይ በምንዘረጋው ሸራ ሥር ይፈላል። እንዲያውም ገበያተኛው ሽታውን ሰምቶ ቢመጣ ጥሩ ነው።

አየር እንዲዘዋወር ከታች በአንድ በኩል፣ ከላይ በሌላ በኩል ሁለት ክፍተት ይኑር፤ ሁለቱም በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ቆላ ስንወርድ ወባ አለ፤ ወንፊቱ ብቻ ስለማይበቃ አጎበርም ይሰቀል። ላሜራ ማታ ሲበርድ ከውስጥ በሰው ትንፋሽ ያልባል፤ ጠዋት ከጣራው ጠብ ጠብ እያለ በርበሬ ያበላሻል። ለዚህም ጣራውና ግድግዳው ከውስጥ ስፖንጅ ወይም ፎም ተለጥፎበት በስስ ኮምፔንሳቶ ይሸፈን። እሳት ቶሎ የሚይዝ ነገር ስለሆነ ሻማም ኩራዝም የተከለከለ ነው፤ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ይበቃል። የጣራው ላሜራ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ የእኛን አገር ዝናብ ለማታውቁ ደጋፊዎቻችን፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ጠፍጣፋ ጣራ ላይ የሚተኛው ውኃ ኩሬ ነው።

እዚህ ላይ አባላት የተከራከሩበትን ጉዳይ አነሣለሁ። አንዳንዶቻችሁ «መደብ ካለው፣ መስኮት ካለው፣ ለምን ስንሄድም ውስጡ አንቀመጥም? የመኪና መሳፈሪያ ይተርፍልናል» ብላችኋል። እንዲያውም ሌላ ሰው አሳፍረን ገቢ እናግኝ ያለም አለ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፤ እኔም ሠርቼ አይቼዋለሁ፣ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚያተርፈው እሱ ነው። መልሴ ግን እንቢ ነው፤ ማኅበሩ በዚህ ቢወስን እንኳ የሒሳብ ፊርማዬን አላኖርበትም። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው እንዲጭን ታስቦ ወንበሩ በሻንሲው ላይ ታስሯል፣ ሹፌሩ ተሳፋሪውን ያያል፣ ይሰማል። ተሳቢ ውስጥ የተቀመጠን ሰው ሹፌሩ አያየውም፤ ቢጮህም አይሰማውም። ከሥሩ ስምንት ኩንታል፣ ቀበቶ የለ፣ የመንጠቆው ፒን ቢወልቅ ደግሞ መኪናው ይሄዳል፣ ተሳቢው ለብቻው ገደል ይገባል። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ የወደቁ ሰዎች በየሠፈራችን አሉ። ከዚያ ለመውጣት ብለን ገንዘብ አዋጥተን፣ ያንኑ አደጋ ላሜራ አልብሰን ልንሠራው አይገባም። ተሳቢው ሲንቀሳቀስ ውስጡ ሰው የለም፣ ሕፃንም የለም፣ «እስከ ኬላው ብቻ» የሚባልም የለም። ሰው በመኪናው ወንበር ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር፣ ያለንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ ባልተረጋጋበት ቀን አይወጣም። በሌሊት አይጓዝም። ማደሪያው ከተማ ውስጥ፣ አጥርና ጥበቃ ያለው ግቢ ነው እንጂ የመንገድ ዳር አይደለም። ተሳቢ ስላለን ብቻ የትም እናድራለን ብለን እንዳንደፍር እፈራለሁ።

ስለ ወረቀቱ። ተሳቢም እንደ መኪናው ሁሉ ሊብሬና የራሱ ታርጋ አለው፤ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሥር የሚታይ ነው። ስለዚህ ብር ከመክፈላችን በፊት የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። አካሉን ከመቀየራችን በፊት የበያጁን ንድፍ ይዘን መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደን እናስፈቅድ፤ ሠርቶ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ማሠራትን ያመጣል። ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ይለጠፍለት። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነውና ተሳቢውን እንደሚሸፍን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ እንያዝ። የሚጎትተው ሹፌር መንጃ ፈቃድ ለተሳቢ የሚፈቅድ መሆኑ ይታይ።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር አልናገርም፤ አሠራሩን ግን ላሳያችሁ። አሁን አንዲት አባል በአንድ የገበያ ጉዞ ለጭነት፣ ለአልጋና ለጥበቃ የምታወጣውን 100 እንበለው። በተሳቢው ስትሄድ የሚጎትተው መኪና ኪራይና የግቢ ማቆሚያ ተካፍሎ 60 ቢደርስባት 40 ይተርፋታል፤ ሦስቱ በአንድ ጉዞ 120 ያተርፋሉ። መግዣውና ማሠሪያው ለሰባት ዓመት ተካፍሎ፣ መድኑ፣ ቦሎው፣ ግሪሱና ለጎማ የሚቀመጠው ተጨምሮ የዓመቱ ወጪ 3,600 ቢሆን፣ ለመመለስ 30 ጉዞ ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ግንቦት 38 ሳምንት ገደማ አለ። ማለትም በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ተሳቢው መውጣት አለበት። የሚወጣው በወር ሁለቴ ከሆነ አልጋ መያዝ ይረክሳል። ስለዚህ አባላት «ጥሩ ነው» ብላችሁ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትወጡ ጻፉልኝ። የምፈልገው ቁጥሩን ነው።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ብዙ ጊዜ እርዳታ የሚመጣው ፎቶ ላይ ለሚታየው ነገር ነው። ቀለም የተቀባ ተሳቢ ከነስሙ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ግን አይታይም። ቀለሙን፣ መጋረጃውን፣ ፍራሹን እኛ ከቁጠባችን እናደርገዋለን። ልትረዱን ከፈለጋችሁ ፍሬኑን፣ አክስሉንና ሁለቱን ጎማ ግዙልን። ደረሰኙን ከነክፍሉ ስም በዚህ ዜና መጽሔት ላይ አወጣላችኋለሁ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ተሳቢውን ወዲያው አንግዛ። በመጀመሪያ ከኮሚቴው ሁለት ሰው፣ ከጋራዥ አንድ ሰው ሆነው አክስሉን አስፈትተው ይዩት፤ ባዶ ክብደቱን ያስመዝኑት። አክስሉ 1,500 ኪሎ የማይችል ከሆነ፣ ባለቤቱ በነፃ ቢሰጡንም አንወስደውም። የሚችል ከሆነና የጉዞ ቁጥራችሁ 30 ከሞላ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሦስት ጋራዥ ዋጋ ይዤ እቀርባለሁ። የጉዞ መመዝገቢያው ቅጽ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ስትወጡ ሙሉት። መጻፍ ለማይመቻችሁ እናቶች እኔ እዚያው ተቀምጬ እሞላላችኋለሁ።

ጥያቄ ካለ ልስማ።